የፓውደሩ መስታወት

ቦሌ ውስጥ በእግሬ ስሄድ ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅም። የግቢ በር ተከፍቶ ካየሁ አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ ማየት አለብኝ። ባለቤቴ ይህን አመሌን ስለምታውቅ አብራኝ በእግር መሄድ ካቆመች ቆየች። "ሌባ መስለሃቸው አንድ ቀን ያስይዙሃል፤ እኔንም አብረህ ታዋርደኛለህ" ትለኛለች። አልተሳሳተችም። ዱላውን ያነሳብኝ ዘበኛ አለ፤ ደላላ መስዬው "አይሸጥም! አይከራይም!" ብሎ በሩን ድርግም ያደረገብኝም አለ። እኔ ግን ቤት አልፈልግም። የምፈልገው ከጓሮ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮና እግሩ ከተሰበረ ወንበር ጀርባ፣ ሸራ ለብሳ የተረሳች መኪና ነው።

ሥራዬ አሮጌ መኪና ማደስ ነው። ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ጋራዥ አለኝ። ጋራዥ እንበለው እንጂ አራት መኪና የሚያስጠልል ቆርቆሮ ነው። የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ቮልስ ላይ ነው። የዛሬ መኪና ኮፈኑን ብትከፍተው የሚታይህ የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ አትንካኝ የሚል ይመስላል። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪኮቹ መጥተዋል። ድምፅ የላቸውም፤ ተረከዝህ ሥር መጥተው ሲቆሙ ነው የምታውቀው። ቮልስ ግን ገና ከመንገዱ ጥግ ስትታጠፍ መምጣቷን ትናገራለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ብሎኖቿ በእጅ ይደረሳሉ፤ ስትታመምም የት እንዳመማት አትደብቅም።

አንድ ጠባዬን አስቀድሜ ልናዘዝ። መኪና ላይ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበረ ነገር ካየሁ ያመኛል። በዚህ ከተማ ደግሞ ያልተጨመረበት አሮጌ መኪና የለም። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ያላስገጠምነው ነገር አልነበረም፤ የሌላ መኪና መብራት፣ የሌላ መኪና መሪ፣ አንዳንዴም የወጥ ቤት ዕቃ። ይህን ሁሉ ነቅዬ ዋናውን ዕቃ ፈልጌ ስገጥም እሾህ የነቀልኩ ያህል ደስ ይለኛል። ደንበኞቼ "ኦርጅናሉ" የሚል ቅጽል አውጥተውልኛል። በቅጽሉ እኮራበት ነበር።

ይቺን መኪና ያገኘኋት ከአትላስ ጀርባ ባለው ሰፈር ነው። ፋሲካ አልፎ ነበር። የውሃ ቦቴ ለማስገባት የአንድ አሮጌ ቪላ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከኮክ ዛፍ ሥር፣ ከሸራው ጫፍ በታች፣ ክብ ጀርባዋና አንድ የኋላ መብራቷ ታየኝ። እግሬ ሳላዘው ገባ።

"ምን ጠፍቶህ ነው?" የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ። ነጭ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ አጠር ያሉ ሴት ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ይቅርታ እማማ፣ መኪናዋን አይቼ ነው።"

"እማማ ያልከው እኔን ነው?" አሉ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው የሚፈልጉ መስለው። "ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ የሠራሁት እማማ ልባል አይደለም። ሲስተር በለኝ።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲስተር አልኳቸው። መኪናዋ የባለቤታቸው እንደነበረች፣ እሳቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት እንደሆነ፣ ሕመማቸው ከጠናበት ጊዜ ጀምሮ ማንም እንዳልነዳት ነገሩኝ። ቤቱንም ሊለቁ ነው። ቦታው ለሕንፃ ተሰጥቷል፤ ክረምቱ ሲወጣ ይፈርሳል። ሲስተር ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ። እኔ አፌ ምራቅ ሞልቶ "ታዲያ ይሽጡልኛ" አልኩ።

"መጀመሪያ አስነሳት" አሉ። "ልጄ በኔ መኪና ይዤሽ እሄዳለሁ ትለኛለች። አልፈልግም። ከዚህ ቤት የምወጣው በሷ ነው። ተጎትታ አይደለም፤ በገዛ ሞተሯ፣ እኔም ቦታዬ ላይ ተቀምጬ። ሽያጩን ከዚያ በኋላ እናወራለን።"

ነገሩ የአሮጊት ምኞት መሰለኝ፤ ደስ የሚል ምኞት። ሸራውን ገለጥን። ውስጧ ዶሮ እንቁላል ጥላበት ታውቃለች፤ የኋላው ወንበር ላይ ገለባና ላባ ነበር። ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ በልቶት ጣሪያው ነጥቷል። እኔ መኪና ስመዝን ቀለም አላይም። መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አንስቼ ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል በካቻቪቴ ጫፍ እነካለሁ፤ ቮልስ የምትሞተው ከዚያ ጀምራ ነው። ቀጥሎ መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ በሩን እገጥማለሁ። ጤነኛ ከሆነች ጆሮህ ላይ አየር ይጫንሃል። የሷ ወለል ሁለት ቦታ ላይ ተበስቷል። በሩን ስገጥመው ግን ጆሮዬ ድፍን አለ። ከደስታዬ የተነሳ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

ሲስተር ከላዬ ቆመው "ትድናለች?" አሉኝ።

"ትድናለች።"

"እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህ። የምትቀይረው ነገር ካለ አስቀድመህ ጠይቀኝ። በሽተኛ ሳይጠየቅ አይቆረጥም።"

እሺ አልኩ። እውነትም ጠየቅኩ። ክረምቱን ሙሉ ስልክ ስደውልላቸው ከረምኩ። የወለሉን ላሜራ ቆርጬ ልቀይር? ቀይር። ሞተሩን አውርጄ ልፍታው? ፍታው። ካርቡሬተሩ አይሆንም፣ ሌላ ላምጣ? አምጣ። ቀለሙ ያው ውሃ ሰማያዊ ይሁን? ይሁን። ሁሉን ነገር ደግ ሐኪም እንደሚያስረዳ አስረዳኋቸው፤ እሳቸውም በትዕግሥት ሰሙኝ።

ያልጠየቅኳቸው ሟቹ ሰውዬ የጨማመራቸውን ነገሮች ነው። እነሱማ ምን ይጠየቅባቸዋል! በግራው በር የመስኮት ማውረጃ ቦታ የቧንቧ እጀታ ገጥሟል። ከቀኙ በር በላይ የቆዳ ቀበቶ ቆርጦ በሁለት ብሎን አንጠልጥሏል። የቀኙን ወንበር ከሥሩ እንጨት ደርድሮ ከፍ አድርጎታል። ከሁሉም የባሰው ከመሪው ጎን በተዘረጋው ክሩስኮት ላይ ነበር። እዚያ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ከተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ ሁለት ቀዳዳ በስቶ በታጠፈ ቆርቆሮ አንዲት ክብ መስታወት አስሯል። መስታወቷ ለሁለት የተቆረጠ ብርቱካን ታህል ይሆናል። ያን ክሩስኮት ሲበሳ እጁ አለመንቀጥቀጡ ገረመኝ። "ሰውየው እየነዳ ፀጉሩን ያበጥር ነበር መሰለኝ" ብዬ ብቻዬን ሳቅኩበት።

ሁሉንም ፈታሁና አሮጌ የቀለም ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት። ቀዳዳዎቹን በይጄ፣ በስቱኮ ደፍኜ፣ አሸቼ ቀባኋቸው፤ እኔ ራሴ በጣቴ ዳስሼ አላገኘኋቸውም። አንድ ቀን ጠዋት "ቆራሌው!" የሚለው ጥሪ በበሬ ሲያልፍ ጣሳውን ከአንድ የተበላ ጭስ ማውጫ ጋር ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ሰጠሁት። ጋራዡ ጠራልኝ፤ ደስ አለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናዋ አለቀች። ሥራዬን ማሞገስ አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለች ሠርቼ አላውቅም ነበር። ዋናውን የመስኮት ማውረጃ ከአንድ ሞተር አልባ ቮልስ ላይ ለምኜ አግኝቻለሁ። ወንበሩን ወደ ቦታው አውርጄዋለሁ። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ አጥቤ አትላስ ድረስ ነዳኋት። መንገድ ላይ ሰው እየዞረ ሲያያት ደረቴ ሰፋ። ገና ከበሩ ሳልደርስ ክላክስ አደረግኩ።

ሲስተር ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ዙሪያዋን ዞሩ። ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በመዳፋቸው ዳሰሱ። "በጣም ቆንጆ ናት" አሉ፤ ዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበር። እኔም አብሬ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ። ከዚያ ወደ ቀኙ በር ሄደው ከፈቱት፤ አንድ እግራቸውን አስገቡና፣ ቀና ብለው ሳያዩ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እጃቸው አየር ጨበጠ። ተንገዳገዱ። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ጠፍሬ የት ሄደ?" አሉ።

አስቀመጥኳቸው። ወንበሩ ዝቅ ብሎባቸው አገጫቸው ክሩስኮቱን አልፎ ብዙም አይታይም። ፊት ለፊታቸው ያለውን ያንን ያጠራሁትን ብረት አዩ። ጣታቸውን አውጥተው ልክ ቀዳዳዎቹ የነበሩበት ላይ አሳረፉት። እኔ ያላገኘሁትን ቦታ እሳቸው ሳይፈልጉ አገኙት።

"መስታወቴስ?"

"የሳቸው መስታወት መስሎኝ..." አልኩ።

"ቆንጆ ናት" አሉ እንደገና፣ በዝግታ። "ግን አላወቀችኝም።"

ወርደው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም አስቀመጡኝ። ነገሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"የቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር። መንገድ ቀያሽ ነበር፤ ገና ወጣት ሳለ ድማሚት አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮውን ወሰደው። መሪ ሲይዝ ደግሞ እኔ ያለሁት በዚያው በማይሰማው በኩል ነው። የተጋባን ሰሞን ስናገር እየዞረ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን እየዞረ ሲያዳምጠኝ ይዞኝ ቦይ ውስጥ ገባ።" ሳቁ። "በሳምንቱ የፓውደሬን መስታወት ነቅሎ ወስዶ እዚያ ገጠመው። ሳይነግረኝ! ስንት ቀን እንዳኮረፍኩት አትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳይዞር፣ በመስታወቱ አፌን እያየ ይሰማኝ ነበር።"

"አፍዎን እያዩ?"

"አፌን እያየ። እኔም ድምፄን ተውኩት። በዚህ ሞተር ላይ ማን ይጮኻል? ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ልጆቹ ከኋላ ሆነው፣ እናትና አባታችን መኪና ውስጥ አይነጋገሩም፣ ተኳርፈው ነው ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ ትልቁን ነገር ሁሉ የምንነጋገረው እዚያ ነው። ቤት ውስጥማ የት ተብሎ! አማቴ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ሠራተኛ አለች። ይሄን ቤት እንሥራ የተባባልነው እዚያ ነው። ሐኪሙ ለኔ የነገረኝን ለሱ የነገርኩትም እዚያው ነው።"

 ከዚያ ከዘራቸውን እያዩ "ቤቱን ፈርሜ መስጠቴን ገና አልነገርኩትም" አሉኝ። "መቃብሩ ጋ ሄጄ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። እዚያ ሆኖ ሰምቶኝ አያውቅማ።"

እኔ አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፀጉሩን ያበጥር ነበር ብዬ የሳቅኩባቸው ሰውዬ ሚስታቸውን ለመስማት ነበር ብረቱን የበሱት።

"ዕቃዎቹ ይኖራሉ አይደል?" አሉ።

"ጋራዥ አሉ። ይዤ እመጣለሁ" አልኳቸው። ዋሸሁ። ቤቱን የሚለቁት ቅዳሜ ነው። ስድስት ቀን አለኝ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራዬን ትቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ድሮ ቆራሌው ሲያልፍ ጩኸቱ ያናድደኝ ነበር፤ ያን ቀን ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ አንድም አልመጣም። ማክሰኞ ሁለት መጡ፤ ሁለቱንም ሮጬ ያዝኩ፤ ሁለቱም የኔ ቆራሌው አልነበሩም። አንደኛው ሰብሳቢዎቹ ዕቃቸውን የሚያራግፉበት ግቢ ከጉርድ ሾላ በላይ እንዳለ ነገረኝ። ረቡዕ ሄድኩ። ብረት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ስስ ቆርቆሮ ለብቻ ተከምሯል። ከክምሮቹ መሐል ያ የኔ ሰው ቆሞ ጆንያ ያስራል። ወገቡ ላይ ደግሞ የሲስተር ጠፍር አለ። ከሌላ ቁራጭ ጋር በሽቦ ቀጥሎ ሱሪውን ታጥቆበታል።

"ወንድሜ፣ ይሄን ቀበቶ ትመልስልኛለህ?"

ቀና ብሎ አየኝና አወቀኝ። "ሱሪዬንስ በምን ልያዘው ጋሼ?"

የራሴን ቀበቶ ፈትቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። "የዚያኛው ቆዳ ይበልጣል" አለ፤ "የድሮ ሥራ ነው እኮ። ለምን ጣሉት?"

ሌሎቹንም ዕቃዎች እንደምፈልግ ነገርኩት። በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ፣ እሱም እየረዳኝ፣ የስስ ቆርቆሮውን ክምር እስከ እኩለ ቀን ድረስ በተንነው። ወንበሩን ከፍ ያደረገው እንጨት ተማግዶ ሻይ ፈልቶበታል። የመስታወቷን ማሰሪያ አገኘናት፤ የታጠፈች፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት። መስታወቷ ግን ተሰብራለች። ጠርዙ ላይ የጥፍሬን ያህል ስባሪ ብቻ ተጣብቆ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲያ ውሸቴን ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ዕለቱን አትላስ ሄጄ ጠፍሩንና ማሰሪያዋን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሲስተር ስባሪዋን በጣታቸው ነኩ። ተቆጡ። ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም። "ጠይቀኝ ብዬህ ነበር።"

"ስለ ሁሉም ነገር እኮ ጠይቄዎት ነበር ሲስተር፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ወለሉ..."

"ስለ ሞተር እኔ ምን አውቅና ትጠይቀኛለህ? የማውቀውን አልጠየቅከኝም።"

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ዕቃቸው በካርቶን ታስሮ አልቋል፤ ካርቶን ሲቀዱ፣ ሲፈልጉ፣ ሌላ ሲቀዱ ይሰማኛል። ሲመለሱ አንዲት ክብ፣ ወርቃማ ቀለሟ የለቀቀ የፓውደር መያዣ በእጃቸው ነበረች። ከፈቷት። በክዳኗ ውስጥ መስታወት የለም፤ የደረቀ ሙጫ ብቻ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ዓመት ባዶዋን አስቀምጠዋታል።

"ልኳ ይሄ ነው" አሉና ሰጡኝ። "ደግሞ እንዳትጥልብኝ።"

ሐሙስ ጉርድ ሾላ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ትልልቅ የሕንፃ መስታወት መቁረጥ የለመደ ነው፤ ያቺን ትንሽ ክብ ለማውጣት አራት ጊዜ ሰበረ። አምስተኛዋ ክዳኑ ውስጥ ልክክ ብላ ገባች። እንጨቱን ራሴ በመላጊያ ልጌ፣ ወንበሩን እንደገና ከፍ አደረግኩ።

ዓርብ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር፣ ጠፍሩን ቦታው ላይ ሰቅዬ መሰርሰሪያዬን ይዤ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ሲስተር ጠፍራቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ከፍ ስላለ ዛሬ ከክሩስኮቱ አልፈው ያያሉ። ጣታቸውን ክሩስኮቱ ላይ አሳረፉ። "እዚህ።"

እኔ "ኦርጅናሉ" በገዛ እጄ ያጠራሁትን ብረት በሳሁ። መሰርሰሪያው ቀለሙን አልፎ ላሜራውን ሲያገኝ የሚያወጣው ድምፅ ጥርሴን አስነከሰኝ። ሁለተኛውን ስበሳ ግን ያን ያህል አላመመኝም። ማሰሪያዋን በብሎን ያዝኩና መስታወቷን ማዞር ጀመርን።

"ትንሽ ወደ ላይ። ትንሽ ወደሱ። ምን ይታይሃል?"

"አፍዎ ልክ መሐሉ ላይ ይታየኛል።"

"ስህተት ነው" አሉ። "እሱ ካንተ በደንብ ይረዝም ነበር።"

"ለኔ ላስተካክለው ወይስ ለሳቸው?"

"ላንተ ምን ያደርግልሃል? ያንተ ጆሮ ይሰማል።"

በግቢው ዘበኛ ከቤት ትራስ አስመጡ። በላዩ ተቀመጥኩ። አልበቃም፤ ሁለተኛ ትራስ መጣ። ራሴ ጣሪያውን ሊነካ ሲደርስ "እሱ ነው" አሉ። ከዚያ ሆኜ ከንፈራቸው መስታወቷ ውስጥ እስኪሞላ አስተካከልኩና ብሎኑን አጠበቅኩት። ትራሶቹን አውጥቼ ስቀመጥ የሚታየኝ የሻሻቸው ጫፍ ብቻ ሆነ።

ቅዳሜ ልጃቸው ዕቃውን በጭነት መኪና አስጭና ቀድማ ሄደች። ሲስተር የቤቱን በር ቆልፈው ቁልፉን ለዘበኛው ሰጡ። ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። ጠፍራቸውን ያዙ፤ ገቡ። ሞተሯ በመጀመሪያው ተነሳች። በበሩ ስንወጣ ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ።

በመገናኛ አድርገን ጉርድ ሾላን አለፍን። ሰው ያያታል፤ አንዱ ታክሲ ነጂ ክላክስ እያደረገ አውራ ጣቱን አሳየኝ። እኔ ግን ያን ቀን ደረቴ አልሰፋም። ሲስተር ምንም አልተናገሩም። አንድ ሁለቴ ወደ መስታወቷ ሰርቄ አየሁ፤ ሻሻቸው አይንቀሳቀስም። ምናልባት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው ያደረስኩት፣ ምናልባት በዚያች አዲስ መስታወት አልሆን ብሏቸው ይሆናል እያልኩ ልቤ ፈራ። ስለ ሽያጩ ማሰብ ከተውኩ ቀናት አልፈዋል።

ሰሚት ደርሰን ኮንዶሚኒየሙ ሥር ቆምኩ። እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ "ተው፣ አታጥፋት" አሉኝ።

"እሺ።"

"የሱን ወንበር ልቀቅልኝ።"

የእጅ ፍሬኗን ስቤ ወረድኩ። በሩን ስገጥመው ጆሮዬ ድፍን አለ። ጥቂት እርምጃ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። መኪናዋን ለማየት የሚጠጉ ሰዎች መጡ፤ "ቆዩ እባካችሁ" እያልኩ በእጄ መለስኳቸው። ሞተሯ ከኋላዬ አንድ ዓይነት ትላለች፤ ሳትንተፋተፍ።

ልጃቸው ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። "ምነው? ለምን አትወርድም? አመማት እንዴ?" አለችኝ።

"ደህና ናቸው። ትንሽ ጠብቂያቸው።"

አልጠበቀችም፤ ወደ መኪናዋ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። በፊት መስታወቱ በኩል እናቷን አየች። እኔም ያን ጊዜ ዞርኩ። ሲስተር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ክሩስኮቱ ላይ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴ ቆም እያሉ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ድምፅ የለውም።

ልጅቷ ለረዥም ጊዜ አየቻቸው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እንዲህ ነበር የምትቀመጠው" አለች። "ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እኛ ከኋላ ሆነን... እኛ እኮ አይነጋገሩም ነበር የምንለው።"

አጠገቧ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ የቀኙ በር ተከፈተ። ሲስተር ጠፍሩን ይዘው፣ ማንንም ሳይጠሩ፣ ራሳቸው ወረዱ። ከዘራቸውን ከወንበሩ አንስተው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"ነገርኩት" አሉ። "በል አሁን አጥፋት።"